ዓለም ሳትፈርስ ብትቀርስ?

(ለሙዚቃ አድማጮች በአንድ ምሽት ካቀረብኩት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ። ማጫወቻው ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ቅርብ የተቀመጠ ነው የሚጠቀመው።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ ሸክላ ነው። ይኸው፣ እያቀባበላችሁ እዩት። ጥጉ ትንሽ ተልጧል፤ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ስገዛውም እንደዚሁ ነበር። የታተመው በ1986 ነው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳንምታታ።) ዘፋኙ ፒተር መርፊ ይባላል፣ እንግሊዛዊ ነው። አልበሙ ደግሞ ሹድ ዘ ወርልድ ፌይል ቱ ፎል አፓርት ይባላል። ወደ እኛ ቋንቋ ሳመጣው "ዓለም ሳትፈርስ ብትቀርስ?" እንደማለት ነው። ርዕሱን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ቆም ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ከዚያ በፊት የነበረበት ባንድ ዓለም እንደምትፈርስ እርግጠኛ በሆኑ ሰዎች ዘንድ የሚወደድ ባንድ ነበር።

ስለ ምን እንደማወራ ቶሎ ልንገራችሁ። አንድ ድምፃዊ ከባንዱ ሲለይ "ብቻውን ወጣ" እንላለን። የመጀመሪያውን የግል አልበሙን ስንሰማም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያለ እነሱ ይችላል ወይስ አይችልም? እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የምሰማው። አሁን ግን ሌላ ነገር ነው የምፈልገው። ብቻውን ሲሆን ማንን ጠራ? ደጃፉ ላይ ቆሞ የማንን ስም ተጣራ? የዚህን ሸክላ ታሪክ የነገረኝ ይህ ጥያቄ ነው።

የዚያ ባንድ ሙዚቃ ጎቲክ ሮክ ይባላል። ለማታውቁ ትንሽ ልበል፣ ሌሎቻችሁ ታገሱኝ። ከፓንክ ሙዚቃ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የበቀለ ነገር ነው። ፓንክ ይጮህ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ጩኸቱን ይዘው ጨለማ ክፍል ገቡ። ጥቁር ልብስ፣ የነጣ ፊት፣ የተኳለ ዓይን፣ የድሮ አስፈሪ ፊልሞች፣ ሞት፣ ሃይማኖት፣ ፍቅር። ብዙ ሰው ከውጭ አይቶ "ይሄ የሰይጣን ነገር ነው" ብሎ ይዘጋዋል። እኔ እንደዚያ አልሰማውም። ሐዘንን ሳያፍሩበት በግልጽ የሚይዙበት ሙዚቃ ነው፣ ትዝታ እየሰማ ላደገ ጆሮ ደግሞ ሐዘንን እንዲህ አቅፎ መቀመጥ እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

ባንዱ ባውሃውስ ይባላል። በ1978 መጨረሻ ኖርዛምፕተን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው የተቋቋመው። ስሙን የወሰዱት በ1919 ጀርመን ውስጥ ቫይማር ከተከፈተው የጥበብ ትምህርት ቤት ነው፤ እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ባውሃውስ 1919 ነበር የሚሉት። አራት ልጆች ናቸው። ዳንኤል አሽ ጊታር፣ ዴቪድ ጄ ቤዝ ጊታር፣ ወንድሙ ኬቨን ሃስኪንስ ድራም፣ ፒተር መርፊ ድምፅ።

መርፊ እንዴት እንደገባ ስሙ። ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር፣ ዘፋኝ አልነበረም። አሽ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው። መልኩና አቋቋሙ ለባንድ ይሆናል ብሎ ስላሰበ ብቻ ሄዶ ጠራው። እስቲ አስቡት፣ ድምፁን ሳይሆን መልኩን አይቶ የጠራው ጓደኛ! ይህንን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባንዱ ከተቋቋመ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በጥር 1979፣ ዌሊንግቦሮ ውስጥ ያለች ትንሽ ስቱዲዮ ገቡና ቤላ ሉጎሲስ ዴድ የሚለውን ዘፈን ቀረጹ። ቤላ ሉጎሲ በ1931 ፊልም ደም መጣጩን ድራኩላን ሆኖ የተወነው የሃንጋሪ ተወላጅ ተዋናይ ነው። ዘፈኑ ከ9 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ይህን ዘፈን ቀስ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም መርፊ በኋላ ላይ የሸሸው ከዚህ ዘፈን ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ድራሙ ነው። ኬቨን የድራሙን ጠርዝ በዱላ ይነካል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ የብራዚል ቦሳ ኖቫ ምት ይመስላል። ያ ጠቅታ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደተጣለ ነገር ያስተጋባል። ከዚያ ቤዙ ይገባል፤ ከላይ ወደ ታች በደረጃ እንደሚወርድ ሰው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይወርዳል፣ እንደገና ከላይ ይጀምራል። ከዚያ ጊታሩ። ጊታሩ ዜማ አይጫወትም፣ ይቧጭራል። ድምፃዊው የታለ? የለም። አንድ ደቂቃ ያልፋል፣ ሁለት ያልፋል። ሦስተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል ነው መርፊ አፉን የሚከፍተው። ዝቅ ብሎ፣ ከደረቱ፣ ምንም ሳይቸኩል።

ይህን የምዘረዝረው ለምን መሰላችሁ? ያ ድምፅ የሚያስፈራውና የሚያምረው ሦስቱ ጓደኞቹ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ቤት ስለሠሩለት ነው። እሱ የተሠራ ቤት ውስጥ ነው የገባው።

እኛ ሀገር ነገሩ ትንሽ ይለያል። አልበም የሚወጣው በድምፃዊው ስም ነው። ዋልያስ፣ ሮሃ፣ እነዚያ ታላላቅ ባንዶች ስንቱን ድምፃዊ አጀቡ፤ ካሴቱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን የድምፃዊው ፎቶ ነው። ስለዚህ አንድ ድምፃዊ ባንድ ቀየረ ቢሉን ብዙም አይደንቀን። እንግሊዝ የሮክ ዓለም ውስጥ ግን ባንድ ማለት ቤተሰብ ማለት ነው። ስሙ የጋራ፣ ገንዘቡ የጋራ፣ ዘፈኑ ላይ የአራቱም ስም አለ። ከዚያ መውጣት ከቤት እንደመውጣት ነው። የወጣው ሰው ስሙን ራሱ እንደ አዲስ ማስለመድ አለበት።

ባውሃውስ አራት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው የቆየው። በዚያ ጊዜ አራት አልበም ሠሩ። በ1982 የወጣው ሦስተኛው አልበማቸው በእንግሊዝ የሽያጭ ሠንጠረዥ 4ኛ ደረጃ ደርሷል። በነጠላ ዜማ ትልቁን ስኬት ያገኙት ግን በራሳቸው ዘፈን አይደለም። የታዋቂውን እንግሊዛዊ ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊን ዚጊ ስታርደስት መልሰው ዘፍነው 15ኛ ደረጃ ወጡ፣ ቴሌቪዥን ላይም ቀረቡ። ይህንንም ያዙልኝ።

እና መሰንጠቁ የጀመረው በዚያው ሰሞን ይመስለኛል። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ ግን ምልክቶቹን ተመልከቱ። ማክሴል የሚባለውን ካሴት የምታውቁ አላችሁ? አዎ፣ በካሴት ዘመን ያደገ ሰው ያን ስም አይረሳውም። እንግሊዝ ውስጥ የማክሴል ማስታወቂያ ሲሠራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከፊቱ በሚመጣው ድምፅ ኃይል ፀጉሩና ክራቫቱ የሚበተነው ሰው ፒተር መርፊ ነበር። ብቻውን። በ1983 ደግሞ ቦዊ የተወነበት የቫምፓየር ፊልም ሲጀምር ባውሃውስ ያንኑ የሉጎሲን ዘፈን ሲጫወት ያሳያል፤ ካሜራው ግን የሙጥኝ ያለው የመርፊን ፊት ነው። ሌሎቹ ጭስ ውስጥ ናቸው። አራት ሰው የሠራው ነገር ላይ ዓለም የሚያየው አንድ ፊት ከሆነ፣ የቀሩት ሦስቱ ምን ይሰማቸዋል? አንዱስ ራሱ ምን ይሰማዋል? ፊቱ ከእሱ ቀድሞ ከባንዱ እየወጣ ነበር።

ከዚያ መርፊ ታመመ። የሳንባ ምች። አራተኛው አልበም ሊቀረጽ ሲል ነው የወደቀው። ሦስቱ አልጠበቁትም፤ ስቱዲዮ ገብተው አብዛኛውን ያለ እሱ ሠሩት። አንዳንዶቹን ዘፈኖች ዴቪድ ጄና አሽ ራሳቸው ዘፈኑ። ሲድን መጥቶ የቀረውን ዘፈነ። ማንንም መውቀስ አልፈልግም፣ ስቱዲዮ ጊዜ ገንዘብ ነው። ግን ከበሽታ ተነስታችሁ ወደ ቤት ስትመለሱ አልጋችሁ ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ ብታገኙት ምን ይሰማችሁ ነበር?

ሐምሌ 5 ቀን 1983 ለንደን ሃመርስሚዝ ፓሌ አዳራሽ ተጫወቱ። ታዳሚው የመጨረሻው መሆኑን በይፋ አልሰማም። ሲጨርሱ ዴቪድ ጄ ነው ማይኩ ላይ "በሰላም ዕረፉ" ያለው፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው። አለቀ።

መርፊ ወዲያው የግል አልበም አልሠራም። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ነው። መጀመሪያ ያደረገው ሌላ ጓደኛ መፈለግ ነው። ጃፓን ከሚባለው የእንግሊዝ ባንድ የወጣ ሚክ ካርን የሚባል ድንቅ የቤዝ ተጫዋች ነበር። ሁለቱ ዳሊስ ካር በሚል ስም በ1984 አንድ አልበም አወጡ። የሚገርመው አሠራራቸው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አልነበረም የሚሠሩት፣ ቴፕ እየተላላኩ ነው። ካርን ሙዚቃውን ይልካል፣ መርፊ ድምፁን ይጨምርበታል። አልበሙ አልተሸጠም፣ እነሱም ተለያዩ። እኔ ስሰማው ሁለት ሰዎች በተዘጋ በር በኩል ሲነጋገሩ ይመስለኛል። ቆንጆ ነው ግን ብርድ ብርድ ይላል።

ሦስቱ የባውሃውስ ልጆችስ? በ1985 አራቱም ተሰባስበው ልምምድ እንዲያደርጉ ቀጠሮ ተያዘ። ሦስቱ መጡ። መርፊ አልመጣም። ሦስቱ ከመጣን አይቀር ብለው መጫወት ጀመሩ፣ ያ ልምምድ ላቭ ኤንድ ሮኬትስ የሚባል አዲስ ባንድ ሆኖ ቀረ። ያቺን ቀን ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። ማጉያዎቹ በርተዋል፣ ማይኩ ቆሟል፣ ማይኩ ፊት ግን ሰው የለም።

አሁን ወደ ሸክላው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ፣ ለእኔ የዚህ ታሪክ ሁሉ ቁልፉ እሱ ነው። ላቭ ኤንድ ሮኬትስ በ1985 ያወጡት የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ የራሳቸው አልነበረም፣ ዘ ቴምፕቴሽንስ የተባሉት የአሜሪካ ጥቁር ዘፋኞች ያዜሙትን መልሰው ነው የተጫወቱት። መርፊም በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ነጠላ ዜማውን አወጣ። ፋይናል ሶሉሽን። እሱም የራሱ አይደለም፣ ፔሬ ኡቡ የሚባል የክሊቭላንድ ባንድ በ1976 ያወጣው ዘፈን ነው። አያችሁ? ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፣ ሁለቱም ወገን አዲስ አፍ ሲፈታ የተናገረው በሌላ ሰው ቃል ነው። አብረው ሳሉ በቦዊ ዘፈን ሠንጠረዥ ላይ እንደወጡት ሁሉ ማለት ነው። ተለያይተውም የቤቱን አመል አልተዉም።

ከቨር፣ ማለትም የሌላ ሰው ዘፈን መልሶ መዝፈን፣ አንዳንድ ሰው ስንፍና ይመስለዋል፣ "የራሱ ዜማ አለቀበት እንዴ?" ይላል። ለእኔ እንደዚያ አይደለም። ድምፁ ከጓደኞቹ ሲለይ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ይዞ ነው ድምፁን የሚፈትነው። ሌሊት ብቻውን የሚሄድ ሰው የሚያንጎራጉረው የሚያውቀውን ዜማ አይደል?

አልበሙ ውስጥ አሥር ዘፈን አለ፣ ሁለቱ የሌላ ሰው ናቸው። አንዱ ያልኳችሁ ፋይናል ሶሉሽን ነው። ሌላው ዘ ላይት ፖርስ አውት ኦቭ ሚ፣ ማጋዚን የሚባለው የማንችስተር ባንድ በ1978 ያወጣው። "ብርሃን ከውስጤ ይፈሳል" ማለት ነው። የጨለማ ንጉሥ እየተባለ የኖረ ሰው የመጀመሪያ አልበሙ ላይ፣ ያውም ሁለተኛው ዘፈን አድርጎ፣ ስለ ብርሃን ይዘፍናል። ይህን ሲመርጥ በደንብ አስቦበታል ባይ ነኝ።

ደግሞ እንግዶቹን ተመልከቱ። ያን የማጋዚን ዘፈን ከደረሱት ሰዎች አንዱ ጊታሪስቱ ጆን ማክጎክ ነው፣ በኋላ ሱክሲ ኤንድ ዘ ባንሺስ ከሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ጋር የተጫወተው ያ ባለ ብሩክ እጅ ጊታሪስት። እሱ ራሱ መርፊ አልበም ላይ ጊታር ይጫወታል። መርፊ የሰው ዘፈን ወስዶ ዝም አላለም፣ ባለቤቱንም ቤቱ ጠርቶታል።

ፕሮዲውሰሩስ? አይቮ ዋትስ-ራስል። ይህ ሰው በ1980 ፎር ኤ ዲ የሚባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው፣ ባውሃውስ የመጀመሪያ ሙሉ አልበሙን ያሳተመውም እዚያ ነው። ያኔ ልጅ ሆነው ያስገባቸው ሰው ማለት ነው። የሚታመን ሰው ሲፈልግ መርፊ ወደ መጀመሪያው በር ተመለሰ። ኪቦርድ ላይ ያለውና ሙዚቃውን አብሮት ያቀናበረው ደግሞ ሃዋርድ ሂዩዝ ነው፤ እሱ አዲስ ጓደኛው ነው።

እና ከሁሉም የሚነካኝ፣ ሳይድ ቢ ላይ ጆሮ ሰጥታችሁ ስትሰሙ የምታውቁት ጊታር አለ። ዳንኤል አሽ ነው። ያ መልኩን አይቶ ከማተሚያ ቤት የጠራው ልጅ። ቀጠሮ የቀረበት ጓደኛው። መጥቶ ተጫውቶለታል።

ይህን ካወቅኩ በኋላ "የግል አልበም" የሚለው ቃል አፌ ላይ እንደ ድሮው አልቀለለኝም። ሽፋኑ ላይ አንድ ስም አለ። ውስጡ ግን የድሮ ጓደኛ፣ የድሮ አሳታሚ፣ የተዋሰው ዘፈን ባለቤት፣ አዲስ ጓደኛ፣ ሁሉም ተሰብስበዋል። ሰውዬው ብቻውን የቀረ መስሎት በራፍ በራፍ እየሄደ ያንኳኳ ይመስላል።

አልበሙ እንዴት ነው ታዲያ? እውነቱን ልናገር። ወጣ ገባ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ አልወደድኩትም። ያን ከደረጃ የሚወርድ ቤዝ ስጠብቅ ኪቦርድ መጣልኝ። ያን ባዶ አዳራሽ ስጠብቅ በማሽን የተሞላ ድራም መጣልኝ፣ የሰማንያዎቹን ዘመን ድራም ታውቁታላችሁ፣ እያንዳንዱ ምት እኩል፣ እያንዳንዱ ምት ንጹሕ፣ ሰው የማይተነፍስበት። ግጥሞቹም አንዳንዴ ጉም ናቸው፣ ታያላችሁ ግን አትጨብጡም። አንድ ሁለቴ ሰምቼ መደርደሪያ ላይ መለስኩት።

የመለሰኝ የርዕሱ ዘፈን ነው። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማጫወቻው ላይ የነበረው ሸክላ ይሄ ነበር፣ መርፌውን እንዳጋጣሚ አራተኛው ዘፈን ላይ አስቀመጥኩት። እዚያ ዘፈን ውስጥ መርፊ አይጮኽም። አያስፈራራም። ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጦ እንደሚያወራ ነው የሚዘፍነው። ድምፁ ያው ወፍራም፣ ያው ከደረት የሚመጣ ድምፅ ነው። የተለየው የሌሊት ወፍ ክንፉን ማውለቁ ብቻ ነው። ባውሃውስ ላይ ቃላትን ጎትቶ ጎትቶ ይሰብራቸው ነበር፣ እዚህ ግን ቃሉን ጨርሶ ይለቀዋል። አንድ ዘፋኝ ቃሉን ሳይሰብር ጨርሶ ሲለቅ ምን ያህል ራቁቱን እንደሚቆም የዘፈናችሁ ታውቁታላችሁ። ያን ሌሊት አራት ጊዜ ደጋገምኩት።

ከዚያ በኋላ ፋይናል ሶሉሽንን በሌላ ጆሮ ሰማሁት። እሱ ላይ ያ የድሮ ጩኸት ትንሽ ይመለሳል። ለዳንስም የሚሆን ነው። እና ሁለቱ ሰውዬዎች፣ የሚጮኸውና የሚያወራው፣ አንድ ሸክላ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ገና አልተዋወቁም። አንዱ ሌላውን እየሰለለ ነው። አልበሙን ወጣ ገባ ያደረገው ይሄ ነው፣ የምወደውም ለዚሁ ነው። የተስተካከለ አልበም የሚሠራው ማን እንደሆነ ቀድሞ ያወቀ ሰው ነው።

ገበያው ላይ ብዙም አልተራመደም። የባውሃውስ አድናቂዎች የሉጎሲን ዘፈን ይፈልጋሉ፣ አዲስ አድማጭ ደግሞ ገና አያውቀውም። በ1988 ሁለተኛውን፣ በ1989 ዲፕ የሚለውን ሦስተኛውን አወጣ። ዲፕ ላይ ካትስ ዩ አፕ የሚል ዘፈን አለ። በ1990 አሜሪካ ውስጥ በቢልቦርድ የዘመናዊ ሮክ ሠንጠረዥ ለ7 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ ላቭ ኤንድ ሮኬትስ በሶ አላይቭ ዋናው የአሜሪካ ሠንጠረዥ ላይ 3ኛ ወጥተው ነበር። የተከፈለው ቤት ሁለቱም ክፍል ጸና ማለት ነው፣ ያውም አብረው ሳሉ እንዲህ ባልተሳካላቸው አገር።

ባለፈው ስለዚህ አልበም ስናወራ አንድ ወጣት፣ እዚህ መጥቷል መሰለኝ፣ ጥሩ ነገር ጠየቀኝ። "ዛሬ እኮ አንድ ሰው በአንድ ላፕቶፕ ሁሉንም መሥራት ይችላል፣ ማንን መጥራት ያስፈልገዋል?" አለኝ። እውነቱን ነው። ምሳሌም አለ። ፊንላንዳዊው ቪሌ ቫሎ። ሂም የሚባለው የሄልሲንኪ ባንድ ድምፃዊ ነበር፣ ባንዱ በ2017 የመጨረሻ ቀን ታቫስቲያ በሚባለው የሄልሲንኪ ክለብ የመጨረሻውን ኮንሰርት አድርጎ ተሰነባበተ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥር 2023፣ ቫሎ ኒዮን ኑዋር የሚለውን የመጀመሪያ የግል አልበሙን አወጣ። ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ጊታሩን፣ ቤዙን፣ ድራሙን፣ ኪቦርዱን፣ ሁሉንም ራሱ ነው የሠራው። ቤቱ ባለ ስቱዲዮ ውስጥ። ከመርፊ ተቃራኒ መንገድ ነው።

ታዲያ ስሰማው ምን ሰማሁ? ሂምን! ያው ጊታር፣ ያው ልብ የሚሰብር ዜማ። ጥሩ አልበም ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አንድም ቦታ አይንገዳገድም። ብቻውን ክፍል ውስጥ ሆኖ የጓደኞቹን ሥራ ሁሉ በየተራ ሲሠራ አሰብኩት፤ አሁን የጊታሪስቱን ቦታ ሲይዝ፣ አሁን የድራመሩን። እኔ እዚያ የምሰማው ናፍቆት ነው። መርፊ ሰዎቹን ጠርቶ ሌላ ሰው ሆነ። ቫሎ ማንንም ሳይጠራ ባንዱን ሙሉ በሙሉ መልሶ ሠራው። የቱ ይሻላል አልልም፣ ሁለቱንም ቤቴ አስቀምጫለሁ። ግን ለዚያ ወጣት የምመልስለት ይኼንን ነው፦ ላፕቶፑ የምታውቀውን ሁሉ ይሠራልሃል። የማታውቀውን ድምፅ ይዞልህ የሚመጣው ግን በር አንኳኩቶ የሚገባ ሰው ነው። ማክጎክ ጊታሩን ይዞ ሲገባ መርፊ ምን እንደሚሰማ አያውቅም ነበር።

ስለ ባንሺስ ዘፋኟ ስለ ሱክሲም ልል ነበር፣ እሷም ከሠላሳ ዓመት ሥራ በኋላ በ2007 ነው በስሟ ብቻ የመጀመሪያ አልበሟን ያወጣችው። ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይሁን፣ እሷ ራሷን የቻለች ምሽት ያስፈልጋታል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ስለ ሚክ ካርን። ያ ቴፕ ይላላከው የነበረው። በ2010 ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። ያኔ እሱና መርፊ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆይተው ዳሊስ ካርን መልሰው ለማንሳት ተነሱ። በዚያው ዓመት ስቱዲዮ ገብተው የቻሉትን ያህል ቀረጹ። ካርን በጥር 2011 አረፈ፣ የቀረጹት ጥቂት ዘፈን በ2012 ወጣ። በተዘጋ በር በኩል ይነጋገሩ የነበሩት ሁለት ሰዎች በመጨረሻ አብረው ሠሩ። እኔ ያንን ቀረጻ ሳስብ ይህ የ1986 ሸክላ ያስተማረው ነገር ይመስለኛል፣ ምናልባት ስለምወደው ይሆናል።

መርፊ ራሱ ቱርካዊት የዳንስ ባለሙያ አግብቶ እስልምናን ተቀበለ፣ በኋላም ኑሮውን ወደ ቱርክ አዛወረ። በ2002 ያወጣው ዳስት የሚለው አልበም ከቱርኩ ሙዚቀኛ መርጃን ደዴ ጋር የተሠራ ነው። ያንን ሰምታችሁ ወደ 1986ቱ ከተመለሳችሁ አንድ ነገር ያቆማችኋል። የመጨረሻው፣ አሥረኛው ዘፈን ርዕስ። ጀማል ይባላል። አዎ፣ እኛ የምናውቀው ጀማል። እንደዚህ ስም ያለው ዘፈን አንድ የኖርዛምፕተን ልጅ የጎቲክ ሮክን ዓለም ትቶ በወጣበት የመጀመሪያ አልበም መጨረሻ ላይ ምን ይሠራል? ከዓመታት በኋላ የሚኖርበትን አገር በር ያኔውኑ እያንኳኳ ነበር ማለት ነው?

እሺ፣ ሸክላውን መልሱልኝ። ማን ጋ ደረሰ? አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይንቋቋል፣ አትደንግጡ፣ ከጭረቱ ነው። ከሳይድ ቢ ነው የምጀምረው። የአሽ ጊታር ሲመጣ ምንም አልናገርም፣ እናንተው እጃችሁን አውጡ።